ባቄላው ስንቅ ይዞ ነው የመጣው

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ልጄ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ነው የነገረችኝ። "አባዬ፣ ያለ አፈር አትክልት ላበቅል ነው!" አራተኛ ክፍል ናት። የሳይንስ መምህራቸው እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙከራ ይምረጥ ብለዋል። እሷ ይህን መረጠች። ሥራው የሚታየው ታኅሣሥ 10 ነው። ቆጠርኩ፤ 43 ቀን።

"ምን ልታበቅዪ አሰብሽ?"

"እንጆሪ።"

እኔም ከእሷ አልሻልም። ቀይ ቲማቲም ከጠርሙስ ላይ ተንዠርግጎ፣ ወላጅ ሁሉ ከቦ ሲያየው በዓይኔ መጣ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ቲማቲም ከዘር ተነስቶ ቀይ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። በእኛ ብርድ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። እንጆሪ ከዘር ከተነሳማ ወራት ነው። የሁለታችንም ምኞት በዚያው ማታ ተሰረዘ። እሷ አኮረፈች። እኔም ትንሽ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ መስኮት ፍለጋ ቤቱን ዞርን። የሳሎኑ መስኮት ፊቱ ወደ ጦሳ ተራራ ነው። ከሰዓት በኋላ ጦሳ ፀሐዩን በጊዜ ይውጠዋል፤ ደሴ የኖረ ያውቀዋል። የኩሽናው መስኮት ግን ወደ ምሥራቅ ያያል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ይገባዋል። ስለዚህ ረከቦቱ ከመስኮቱ ሥር ተነሣ። ባለቤቴ "እስከ መቼ?" አለች። "እስከ ታኅሣሥ 10" አልናት በአንድ ድምፅ።

ቴርሞሜትር ከጎረቤት ተውሰን እዚያው አስቀመጥን። ንጋት 12 ሰዓት ላይ 9 ዲግሪ አነበብን፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ 21። ገና ኅዳር እንኳ አልገባም። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጦ የቆላ ተክል መምረጥ ራስን ማታለል ነው።

ስለዚህ የማይሆኑትን መሰረዝ ጀመርን። ቃሪያ ወጣ። ካሮት ወጣ፤ የሚበላው ሥሩ ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ ምን ሊሆን? እሷ ጤና አዳም አለች፣ ግቢያችን ውስጥ ስላለ። ጤና አዳም ግን ደረቅ ቦታ ነው የሚወደው። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል። ጭማቂውም ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስላል፣ ለልጅ እጅ አልወደድኩትም። ስጋ መጥበሻ ሥር እስኪያወጣ ሳምንታት ያስጠብቃል። ቦሎቄ ብርድ አይችልም። ባቄላ ግን የደጋ ሰው ነው፤ ባቄላ ገባ። ሰላጣ ብርድ ስለማይፈራ ገባ። ናና ገባ። በበሶብላ ተጨቃጨቅን። ሙቀት ይፈልጋል ብላትም ሽታውን ስለምትወደው አንድ ጠርሙስ ፈቀድኩላት።

እናቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማን ቆይታ ኖሯል። "ፌጦስ?" አለች። "እሱ እንደሁ ውሃ ያየ ቀን ነው የሚበቅል።"

ልጄ ሳቋን ለቀቀችው። ለእሷ ፌጦ ማለት ሆዷን ሲያማት ከሎሚ ጋር ተበጥብጦ በግድ የሚሰጣት ነገር ነው። "እማማ ደግሞ! ፌጦ እኮ መድኃኒት ነው፣ ተክል አይደለም!"

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ከግቢው ናና ቆረጥን፤ ጣት የሚያህሉ አራት ዘንጎች። የታችኛውን ቅጠል ሁሉ መልምለን አነሳን። ውሃ ውስጥ የቀረ ቅጠል ይበሰብስና ውሃውን ያገማዋል። አንዱን የታሸገ ውሃ ውስጥ፣ አንዱን የቧንቧ ውሃ ውስጥ፣ አንዱን የግቢ አፈር በጥብጠን በነጠላ ጨርቅ ባጠለልነው ውሃ ውስጥ ነከርን። አራተኛው ማዳበሪያ እስክንገዛ የቧንቧ ውሃ ላይ ይጠብቃል።

ይህን ሙከራ እኔ አልፈጠርኩትም። እ.ኤ.አ. በ1699 ጆን ዉድዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ ናናን በተለያየ ውሃ ላይ አሳድጎ ነበር። የዝናብ ውሃ ላይ ካለው ይልቅ የአትክልት ቦታ አፈር የተቀላቀለበት ውሃ ላይ ያለው በለጠ። ልጄ ከቦርከና ወንዝ እንቅዳ አለች። ከተማውን አቋርጦ የመጣ ውሃ ኩሽናዬ አይገባም አልኳት።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

በምሳ ሰዓት ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ፌጦ አንድ ስኒ ገዛሁ፣ የእናቴን ቃል ላለመስበር ያህል። ባቄላው ላይ ሻጯ ጠየቁኝ።

"ለቆሎ ነው ለንፍሮ?"

"ለዘር ነው እናቴ፣ ጠርሙስ ላይ የሚበቅል።"

"ጠርሙስ ላይ?" ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። "ሰማሽ ወይ፣ መሬቱ አልቆ ጠርሙስ ላይ ገባን!" ከዚያ ጎንበስ ብለው ነቀዝ ያልነካውን፣ ያልተሸበሸበውን አንድ በአንድ ለቀሙልኝ። "ሸጋ ሸጋውን ይኸው።" ሃያ ፍሬ ለመሸጥ ይህን ያህል የደከመ ሰው አላየሁም።

የሰላጣ ዘርና ማዳበሪያ ከፒያሳ አካባቢ ገዛሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ የዘረጋልኝ ዩሪያና ኤንፒኤስ ነው። ለማሳ ጥሩ ናቸው፣ ለጠርሙስ ግን አይሆኑም። የዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን ሥር በደንብ የሚወስደው አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ከቀየሩት በኋላ ነው። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ያን ሥራ የሚሠራ በቂ ባክቴሪያ የለም። ኤንፒኤስ ደግሞ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ነው፤ ፖታሲየም የለበትም። አፈር ያን ጉድለት ይሸፍናል፣ ጠርሙስ አይሸፍንም። ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟውን፣ ቅጠል ላይ የሚረጨውን 20-20-20 ወሰድኩ፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል እኩል ማለት ነው። ከጀርባው ብረት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ ተጽፎበታል። ካልሲየም የለውም። እሱን ከቧንቧችን ውሃ እናገኛለን ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ለዚህ ምስክር ነው።

ልኩ፦ ለ5 ሊትር ጀሪካን አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ። በሊትር ወደ 1 ግራም ይሆናል። ለጨቅላ ችግኝ የዚህን ግማሽ። ልጄ ስም አወጣችለት፤ "ሾርባ"።

ማታ ባቄላው ተነከረ። የሰላጣው ዘር እርጥብ ስፖንጅ ላይ ተበተነ፣ ሳይሸፈን። የሰላጣ ዘር ብርሃን ካላየ እምቢ የሚል ዓይነት አለው። ፌጦ እርጥብ ጥጥ ላይ፣ በሳህን።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ወይ ጉድ። ፌጦው በቅሏል! በሁለት ቀን።

ልጄን አጉሊ መነጽር ሰጠኋት። እያንዳንዷ ፍሬ ዙሪያዋን እንደ ተልባ የሚያዳልጥ ነገር ለብሳለች። ያ ልባስ ውሃ ይዞ ያቆያል፣ ዘሩንም ጥጡ ላይ ያጣብቀዋል። ከውስጡ ነጭ ሥር ወጥቶ ወደ ጥጡ ጎንበስ ብሏል፤ ሥሩ ላይ ሻጋታ የሚመስል ጸጉር አለ። "ሻገተ!" ብላ ልትደፋው ነበር። ሻጋታ ሳይሆን የሥር ጸጉር ነው። ውሃ ጠብ ስናደርግበት ተኛ፤ ሻጋታ ቢሆን እንዲያ አይጠፋም።

እናቴ ምንም አላለችም። አይታ፣ ፈገግ ብላ አለፈች።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

የጠርሙስ ቀን። ሃይላንዶቹን ከትከሻቸው ቆረጥን። የላይኛውን ክፍል ገልብጠን እንደ ማንቆርቆሪያ ማጥለያ ከታችኛው ላይ አስቀመጥን። አንገቱ ላይ ስፖንጅ፣ ስፖንጁ ላይ ባቄላ። ጠርሙሱን በጥቁር ፌስታል ጠቀለልን፤ ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅላል። አንዱን ሆን ብለን ሳንጠቀልል ተውነው፣ ዝቃጩ እንዲታይ።

ባቄላ ዘጠኝ ነው። ሦስቱ ባዶ ውሃ ላይ፣ ሦስቱ ሾርባ ላይ፣ ሦስቱ አፈር ላይ። "ለምን አንድ አንድ አይበቃም?" አለች። አንድ ብቻ ሆኖ ቢሞት የገደለው ውሃው ይሁን ዕድሉ በምን እናውቃለን? ሁለት ትርፍ ባቄላም በባዶ ውሃ አስቀመጥን።

የናናው አራተኛ ብልቃጥም ዛሬ ሾርባውን አገኘ። ሥሩ ገና ብቅ ማለቱ ነው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

እህቴ ከኮምቦልቻ መጥታ ነበር። ሰኞ የተዘራው በሶብላ እስካሁን ብቅ አላለም። እሷም "እኛ ቤትማ በሦስት ቀን ነው" ብላ ከዚያው ፓኬት ግማሹን ወሰደች። ጠርሙስ፣ ስፖንጅና በጆግ ሾርባም አስያዝናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ ጆግ ታቅፋ ወረደች። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም ብላ ደወለች። አላመንኳትም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ጭስ በጭስ ነው። መስኮቱን ዘግተን ተክሎቹን ወደ ውስጥ ሳብናቸው።

ፌጦው አምስት ሳንቲ ደርሷል። ባዶ ውሃ ብቻ ነው የጠጣው። ልጄ ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ "ፌጦ አፈርም ሾርባም አይፈልግም።" ቆይ አልኳት። ግማሹን አጭደን እናቴ ከእንጀራ ጋር ቀመሰችው። ምላስ ላይ እንደ ሰናፍጭ ያቃጥላል። ልጄም ቀመሰችና ውሃ ፍለጋ ሮጠች።

ማታ ሁለት አዲስ ሳህን ዘራን። አንዱ በውሃ፣ አንዱ በግማሽ ሾርባ። ፌጦ ርካሽ ነው፣ ፈጣንም ነው። የባቄላ ሙከራ ቢበላሽ ሌላ ወር የለንም። ፌጦ ቢበላሽ ግን ነገ ይዘራል።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ስድስት የሰላጣ ችግኝ ተሻገረ፤ ሁለት ውሃ፣ ሁለት ሾርባ፣ ሁለት አፈር። ሲያዙ በግንዳቸው ሳይሆን በቅጠላቸው ነው። ግንዱ እንደ ክር ነው፣ ከተጨመቀ አለቀለት።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ዛሬ ዕንባ ነበር።

ልጄ ባቄላዎቹን በማስመሪያ ለካች። ባዶ ውሃ፦ 11፣ 9፣ 12 ሳንቲ። ሾርባ፦ 10፣ 12፣ 11። አፈር፦ 9፣ 10፣ 9። ደጋግማ አየችው። "አባዬ፣ ሾርባው ውሸት ነው። ምንም አይሠራም።"

እኔም ደንግጬ ነበር። ከዚያ አንዱን ባቄላ ከስፖንጁ ከፍ አድርጌ አየሁት። ቦሎቄ ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል። ባቄላ ግን ከታች ትቷቸው ነው የሚያድገው። ክኮቹ እዚያው አሉ። ተጨማደዋል፣ ለስልሰዋል፣ ግን ገና አላለቁም።

"አያትሽ መንገድ ስትሄድ ምን ትይዛለች?"

"ዳቦ ቆሎ።"

"ባቄላውም ስንቅ ይዞ ነው የመጣው። እስኪያልቅበት ድረስ የእኛን ሾርባ አይፈልግም።"

ዘሮቹን በትንሹ የወርቅ ሚዛን አስመዝነን ነበር። አንድ ባቄላ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። የሰላጣ ዘር ደግሞ 800 ያህሉ አንድ ግራም ይሞላል። ስለዚህ አንድ ባቄላ የ400 ሰላጣ ስንቅ ተሸክሟል ማለት ነው። እኔ ግን ለመምረጥ ስቀመጥ ስለ ብርዱና ስለ ቀኑ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ስንቁ ትዝ አላለኝም። ተክሉ ምን እንደሚፈልግ ለማሳየት ከሆነ ስንቀ ብዙ ዘር መልሱን ይደብቃል።

ሐሳቡ የመጣው ከእሷ ነው። "ስንቁን ብንቀማውስ?" ከሁለቱ ትርፍ ባቄላዎች የአንዱን ክኮች በምላጭ ቆረጥን። ምላጩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላው እንዳለ ቀረ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ሰላጣዎቹ ወድቀዋል። ትናንት ቀጥ ብለው የነበሩት ሾርባ ላይ ያሉት ሁለቱ ዛሬ ጠዋት እንደ ታጠበ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል።

በኋላ ታሪኩ ወጣ። እናቴ ጠርሙሶቹ መጉደላቸውን አይታ አዝናላቸዋለች። "ውሃ ጠምቷቸው እኮ ነው" ብላ ሁሉንም እስከ አፋቸው ሞልታቸዋለች።

ስህተቱ የእኔ ነው፤ አልነገርኳትም። ዘዴው የሚሠራው ውሃው ሲጎድል ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቀው ነው፤ ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ። መጀመሪያ ውሃው ችግኙን ይነካል። ሥሩ እየጠጣ ሲሄድ ውሃው ዝቅ ይላል፣ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ያለው ሥር አየር ይስባል። ፌስታሉን ገልጠን አየነው። የላይኛው ሥር ነጭና ጸጉራም ነው፣ የታችኛው ለስላሳና ረጅም። ሲሞላበት የላይኛው ሰጠመ፣ ታፈነ።

እስከ ድሮው መስመር ደፋንላቸው። እናቴ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ እየተመላለሰች "ገደልኳቸው ይሆን?" ስትል ዋለች።

ኅዳር 28፣ እሑድ

አንዱ ሰላጣ ተነሣ። ሌላው አልተነሣም። ልጄ ጠርሙሱ ላይ "በመስጠም" ብላ ጻፈችበት። እንዲጣል አልፈቀደችም፤ ለኤግዚቢሽን ይቀርባል።

ሁለተኛው ዙር ፌጦ 16 ቀኑ ነው። ልዩነቱ ጀማሪ ዓይን ላይም የሚጮህ ነው። የውሃው ሳህን ሐመልማሉን አጥቷል፣ ቢጫ ሆኖ ወደ ጎን ተኝቷል፣ አዲስ ቅጠል የለም። የሾርባው ሳህን እንደ አዲስ ቅጠል ጨምሮ ቀጥ ብሏል። ጥጡ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ቢኖርበትም። ባቄላ በሦስት ሳምንት ያልነገረንን ፌጦ በሁለት ሳምንት ነገረን። ልጄ ያን የኅዳር 12 ዓረፍተ ነገር በቀይ ሰረዘችው።

ከኮምቦልቻ ፎቶ መጣ። የእህቴ በሶብላ አራት ጥንድ ቅጠል አለው፣ ያብረቀርቃል። የእኛ ሁለት ቅጠል ላይ ቆሞ ጫፉ ጠቁሯል። ዘሩ አንድ፣ ሾርባው አንድ። ልዩነቱ 25 ኪሎ ሜትር መንገድና 600 ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። ይህ ራሱ ሌላ ሙከራ ሆነ፣ ሳናስበው። ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ይለጠፋሉ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

የባቄላው ስንቅ አለቀ። ባዶ ውሃ ላይ ያሉት ሦስቱም ከታች ጀምሮ ቢጫ እያሉ ነው። ናይትሮጅን ሲያጥር ተክሉ ካረጀው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ቢጫው ከታች የሚጀምረው። የሾርባዎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው። ክኩን የቀማነው በ12 ቀን አንድ ሳንቲ ብቻ ጨምሯል። ጓደኛው ሰባት።

ለማሳያ የሚሆን ሦስተኛ ዙር ፌጦ ተዘራ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ናና ተለካ። የታሸገው ውሃ ላይ ያለው ሥር አውጥቶ ቆሟል። የቧንቧው ትንሽ ይሻላል። የአፈር ውሃው አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ሾርባው ደግሞ ከሁሉም በልጧል።

ማታ የቫን ሄልሞንትን ታሪክ ነገርኳት። የብራስልስ ሰው ነው፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1648 ታተመ። የአኻያ ችግኝ 90 ኪሎ አፈር ውስጥ ተክሎ አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ 77 ኪሎ ገደማ ደረሰ። አፈሩን አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 57 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዛፉ የተሠራው ከውሃ ነው አለ። አየሩን አላሰበውም። ያችን 57 ግራም ደግሞ ናቃት።

ልጄ ትንሽ ዝም አለች። "አባዬ፣ የእኛ ሾርባ ያቺ 57 ግራም ናት አይደል?"

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ባጃጅ ውስጥ ጉልበታችን ላይ ጠርሙስ ደርድረን ሄድን። አንድ ባቄላ መንገድ ላይ ተሰበረ። ሰላጣዎቹ ደህና ደረሱ። የውሃው ሰላጣ ጥፍር የሚያህል፣ የሾርባው የልጄን መዳፍ የሚሸፍን።

የሾርባው ሰላጣ ሰው ይሰበስባል ብዬ ነበር። ልጆቹ የከበቡት ግን "በመስጠም" የሚለውን ጠርሙስ ነው። መምህሯ ደግሞ ፌጦው ጋ ቆሙ። ሦስቱን ሳህን አዩ፤ አሮጌው ቢጫ፣ አሮጌው አረንጓዴ፣ የሰባት ቀኑ አዲስ።

"ከእነዚህ ሁሉ እንደገና አንድ ብቻ ምረጪ ብልሽስ?"

"ፌጦ" አለች ሳታመነታ። "ስንቁ ትንሽ ነው፣ ብርድ አይፈራም፣ ቢበላሽም ቶሎ ይደገማል።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ በጆሮዬ፦ "ለእማማ እንዳትነግራት።"